የአባቴ ታንክ

ትናንት ደብረ ማርቆስ ቤታችን ሆነን፣ ልጄ በክፍሉ ጉዞ አዲስ አበባ ሄዶ ስለሚያየው የጦር ሙዚየም ሲያወራልኝ፣ ጎረቤት ለሠርግ የሚቁላላው ሽንኩርት ሽታ በመስኮት ገባ። ሽታው አማኑኤል ከተማ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ።

አባቴ የቀድሞ ወታደር ነበር፤ ታንክ ነጂ እንደነበረም ይነግረን ነበር። ለፋሲካ አዲስ አበባ ሊወስደን ቃል ስለገባ፣ ማታ ማታ ከእኔና ከወንድሜ ጋር መደቡ ላይ ተቀምጦ የወታደሮቹ ሐውልት ይቅደም ወይስ የጦር ሙዚየሙ እያለ ያማክረን ነበር። "ታንኬን አሳያችኋለሁ" ይለናል።

አንድ ቀን እናቴ ሽንኩርት እያቁላላች ሳለ የጦር ሜዳ ጓደኛው ከቁይ ከተማ መጣ። አባቴን አቅፎ ሳመውና ወደ እኛ ዞሮ፣ "አባታችሁ እኮ ወጥ ቤታችን ነበር" አለን። "ጥይት እየዘነበ እንኳ ድስቱን ጥሎ አልሄደም። እኔ ዛሬ ቆሜ የምሄደው ከእሱ እጅ በልቼ ነው።"

ምስጋና መሆኑ ያን ጊዜ አልገባኝም። የገባኝ አባቴ ቀና ማለት እንዳቃተው ብቻ ነው። ጆሮው ቀልቶ የጋቢውን ጫፍ ይጠቀልላል። ወንድሜ ሳቀ። እኔ በአባቴ አፍሬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ፋሲካን እቤታችን ዋልን፤ ጉዞውንም ዳግመኛ ያነሳው የለም።

"አያቴ የነዳው ታንክ እዚያ ይኖር ይሆን?" አለኝ ትናንት ልጄ፤ የታንኩን ወሬ ከእኔው ነበር የሰማው።

"አያትህ ታንክ አልነዳም። ለወታደሮቹ ወጥ ይሠራ ነበር" አልኩት።

ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን "ምን ወጥ?" ብሎ ጠየቀኝ።

አላውቅም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም።