ልብስ ሰፊው የተፋቁበት የክለባችን ታሪክ

ባለፈው ዓመት የክለባችን ሊቀመንበር ቤቴ ድረስ መጥቶ የክለቡን ታሪክ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ለምሥረታው በዓል በመጽሔት መልክ ታትሞ ለእንግዶች ይታደላል አለኝ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ለክለቡም ብዙ ዓመት በግራ ተከላካይነት ተጫውቻለሁ። «ካንተ የተሻለ ማን ያውቀዋል?» ሲለኝ እሺ አልኩ። ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ደጃፍ ግን ሊቀመንበሩ ድርሽ አይልም።

ሊቀመንበሩን ዛሬ ከተማው በሙሉ አንቱ ይለዋል። ስብሰባ ሲገባ ወንበር ይሳብለታል። እኔ ግን አንተ ነው የምለው። ሁለት ዓመት አብሮን ልምምድ ወርዷል፤ ጨዋታ በደረሰ ቁጥር ቁርጭምጭሚቱን ያመው ነበር። ስናሸንፍና ሕዝቡ ወደ ሜዳ ሲገባ ግን በሩጫ የሚቀድመው አልነበረም። በጨዋታ ላይ ግብ ሲያገባ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በራሳችን ላይ።

ክለቡን የመሠረቱት ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀኝ እግራቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰለለ ስለሆነ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ የስፌት መኪናውንም የሚረግጡት በግራ እግራቸው ብቻ ነው። በሕይወታቸው ኳስ መትተው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ እየሰፉ በሬዲዮ ጨዋታ ያዳምጡ ስለነበር ግን እኛ በዓይናችን ያላየነውን በጆሯቸው ያውቁት ነበር። የአሥራ አንድ ሰው ማልያ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ቆርጠው ሰፉ። ከከተማው በላይ በግ የሚግጥበትን መስክ አሳዩንና ድንጋዩን እንድንለቅም አደረጉ። መስኩ ወደ ገደሉ ያዘነብላል፤ አንዱ ግብ ከሌላው ዝቅ ያለ ነበር። መረብ ስላልነበረን የጓሳ ሣር አስመጥተው ገመድ ገምደው፣ በገዛ እጃቸው ሁለት መረብ ሠሩልን።

ደግ ሰው ነበሩ ለማለት አይደለም። ምላሳቸው ይለበልባል። «እናንተን ከማሠልጠን በጎቹን ማሠልጠን ይቀል ነበር፤ እነሱ እንኳ አብረው ይሄዳሉ» ይሉን ነበር። በረኛችን ዲያቆን ነበር፤ ኳስ በመጣ ቁጥር «እግዚኦ!» እያለ ዓይኑን ይጨፍናል። «አንተ ዓይንህን ግለጥ፤ እግዚኦታውን እኔ እልልሃለሁ» ይሉታል። ማታ ሥራ ሲፈቱ በመቁረጫ ጠረጴዛቸው ላይ የካፖርት ቁልፎች ደርድረው ማን የት እንደሚቆም ያሳዩናል። እኔ ቡናማዋ ቁልፍ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ የገጠመን ሁሉ አሸነፈን፤ ከቀየት ከተማም ከሌላም ቦታ አንገታችንን ደፍተን ተመለስን። በሦስተኛው ዓመት ማሸነፍ ጀመርን።

ማሸነፍ ስንጀምር ኮሚቴ መጣ። ቁርጭምጭሚቱን የሚያመው ሰውዬም ሊቀመንበር ሆነ። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ አንድ ቀን ለልምምድ ስንመጣ ፉጨት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አገኘነው። ከዚያ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠራን። ልብስ ሰፊውም መጥተው ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ በእጃቸው የሚዘመዝሙት ሱሪ ነበር።

«ክለባችን አሁን ስም ያለው ክለብ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «ስለዚህ ገጽታችንን ማስተካከል አለብን። አሠልጣኝ ማለት ሮጦ የሚያሳይ ነው። በምርኩዝ እየተደገፈ የሚያሠለጥን ሰው ይዘን ከተማ ለከተማ ብንዞር ምን ይሉናል?»

እንዲህ ሲል ልብስ ሰፊው አምስት እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል። ይውረዱ የሚል እጁን ያንሣ ተባለ። መጀመሪያ እጁን ያነሣው ዲያቆኑ ነው። ሌሎቹ ጎን ለጎን ተያይተው አነሡ። እኔም አነሣሁ። ከስብሰባው በፊት ሊቀመንበሩ ወደ ጥግ ወስዶኝ አምበል እንደሚያደርገኝ ነግሮኝ ነበር። ክንድ ላይ ለሚታሰር ጨርቅ ብዬ ነው። ስለዚያ ስብሰባ ሳስብ ሊቀመንበሩን እንቀዋለሁ፤ ራሴን ግን የምጠየፍበት ልክ ይለያል። እሱ ቢያንስ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር።

ልብስ ሰፊው መርፌያቸውን ሱሪው ላይ ሰክተው ተነሡ። «የሦስት ቁጥሩ እጅጌ ተተርትሯል» አሉ። «ያመጣው እንደሆነ ይሰፋለታል።» ወጡ። ሦስት ቁጥር እኔ ነበርኩ። አልወሰድኩላቸውም።

የዋንጫው ጨዋታ ከጎረቤት ከተማ ከራቤል ልጆች ጋር በእኛው ሜዳ ሆነ። ሊቀመንበሩ አምስት ተጫዋች ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ አስመጣ። ማልያችንን አለበሳቸውና የእኛን አምስት ልጆች በገዛ ጃኬታቸው ዳር አስቀመጣቸው። ድንጋዩን ከለቀሙት አንዱ ጎማ ጠጋኝ ነው፤ ማልያውን አውልቆ በአራት አጣጥፎ ሰጠ። ሊቀመንበሩ «ለክለቡ ስትል ነው» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔ አምበል ሆኜ ቆሜ አየሁ።

እስከ ረፍት ሁለት ለባዶ መራን። እንግዶቹ ይችላሉ፤ አይካድም። ግን የበልግ ጭጋግ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መስኩን መሸፈን ጀመረ። የሚኒባሱ ሾፌር ክላክስ አደረገ። «መንገዱ ሳይዘጋ የሚሄድ ይሂድ፤ እኔ እዚህ አላድርም!» ብሎ ጮኸ። አምስቱ ሰዎች ተያዩና ከነማልያችን ገብተው ተሳፈሩ። ሊቀመንበሩ «ኧረ ጌቶቼ! ኧረ እባካችሁ!» እያለ ሚኒባሱን ተከትሎ ሮጠ። ያን ቀን ቁርጭምጭሚቱን አላመመውም።

ስድስት ቀረን። ዳኛው ቁጡ ሰው ነበር፤ «ከሰባት በታች አላጫውትም፤ ማልያ የሌለውም አይገባም» አለ። ሊቀመንበሩ እንደሆነ የለም፤ ጭጋጉ ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊው ከሕዝቡ ተለይተው የድንጋዩን ካብ ተደግፈው ቆመው አየኋቸው። የምሄድበት ሌላ ስላጣሁ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ጋሼ» አልኩ፤ «አንድ ሁለት ማልያ አይጠፋም?»

«ለማን?»

«ለክለቡ።»

«የትኛው ክለብ?» አሉኝ።

ጥቂት አዩኝና ዳር ወደተቀመጡት አምስት ልጆች ዞሩ። ጎማ ጠጋኙ እንደ ቡራኬ ጠባቂ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከኪሳቸው የሱቃቸውን ቁልፍ አወጡ።

«ሱቁ ውስጥ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አምስት አዲስ አለ። ለሚመጣው ዓመት ብዬ ሰፍቼው ነበር። የምሰጠው ለነዚያ ልጆች ነው፤ ላንተ አይደለም።»

አምስቱ ልጆች ለብሰው ገቡ። አራት ለሁለት ተሸነፍን። ሩጫችን ጥሩ ነበር፣ ልባችን ጥሩ ነበር፣ ጨዋታችን ግን ያለ ካፖርቱ ቁልፎች የትም አልደረሰም። ሊቀመንበሩ ከጭጋጉ ብቅ ያለው ሽልማት ሲሰጥ ነው። ላቡን ጠርጎ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ ዋንጫውን ለራቤል አምበል ሊያስረክብ ሲያነሣ ፎቶ ተነሣ። በሳምንቱ ባቀረበው ሪፖርት የሽንፈቱን ምክንያት «የአየር ጠባይ» አለው። ልብስ ሰፊውን ይመለሱ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ነው የጻፍኩት። ስም አልጠራሁም፣ ነገር አላበዛሁም፤ የሆነውን እንደሆነ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት። መጽሔቱ ታትሞ ሲመጣ ልብስ ሰፊው «አንዳንድ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች» ሆነዋል። ስብሰባው የለም። ሚኒባሱ የለም። ሽፋኑ ላይ ያ ፎቶ ወጥቷል፤ የራቤሉ አምበል ተቆርጦ፣ ሊቀመንበሩ ብቻውን ዋንጫ ከፍ አድርጎ ይታያል። ከሥሩ የእኔ ስም፣ «አዘጋጅ» ተብሎ። በበዓሉ ቀን ስሜ ሲጠራ ምን አደረግሁ? ተነሣሁ፣ ወጣሁ፣ ጎንበስ ብዬ ሊቀመንበሩን ጨበጥኩና ሰርተፍኬት ተቀበልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ከሕዝቡ ጋር አጨበጨብኩ።

በማግስቱ መጽሔቱን ይዤ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት።

«አማርኛው ጥሩ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ ሁሉንም ጽፌው ነበር። እሱ ነው የፋቀው።»

መነጽራቸውን ሳያወልቁ ቀና ብለው አዩኝ። «ያኔም እጅህን ያነሣልህ እሱ ነው?»

ከሱቁ ስወጣ ሰላም ማለቴን እንጃ። ቤቴ ገብቼ ረቂቁን አወጣሁና የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንደገና ገለበጥኩት። እጄን ማንሣቴንና ለምን እንዳነሣሁ አልዘለልኩም። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። እስከ እኩለ ቀን ተገንጥሏል፤ ተማሪዎቹ ግን በስልካቸው ፎቶ አንሥተውት ስለነበር እስከ ምሽት መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ ተዳረሰ።

ሊቀመንበሩ ማክሰኞ ዕለት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ ደም መስሏል።

«ስሜን አጥፍተሃል!» አለኝ።

«ስምህን የት ጻፍኩት? ሊቀመንበሩ ብቻ ነው ያልኩት።»

«አንብቦ ማን እንደሆነ የማያውቅ አለ እንዴ? ሕፃኑ ሳይቀር ያውቃል!»

«እንግዲያው እኔ አዲስ ነገር አልነገርኳቸውም» አልኩትና ደወል ስለተደወለ ወደ ክፍሌ ገባሁ።