የባንዲራው ገመድ የጠፋ ሰኞ

ልጅ እያለሁ ነቀምቴ ውስጥ የማልፈራው ነገር አልነበረም። ጅብ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩትን አባቴን ደግሞ ከሁለቱም አብልጬ እፈራለሁ። ጓደኛዬ ጫልቱ ግን ፍርሃት የሚባል አልፈጠረባትም። ከገጠር ከጉቴ መጥታ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ነበር የምትኖረው፤ እሷ «አዳዳ» ስለምትላቸው እኔም አዳዳ እላቸው ነበር። ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን። ጉቴ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ለጋብቻ እንደጠየቃት፣ አባቷም «ትምህርት ላይ እስካለች ድረስ አልሰጥም» ብለው እንደመለሱት የነገረችኝ እዚያው ዴስክ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ አባርቶ እርጥቡ ሣር ሲሸት፣ ገመድ ልንዘል ባዶው ትምህርት ቤት ገባን። የምንዘልበት ሐረግ ሁለት ሦስቴ ተበጠሰብን። የባንዲራውን ገመድ ያየሁት እኔ ነኝ። «ትንሽ ዘለን እንመልሰዋለን» ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ያ ድፍረት ከየት እንደመጣብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጫልቱ ቋጠሮውን ፈታች፣ እኔ ሳብኩ፤ ገመዱ ከላይ ከጫፉ አመለጠና እግራችን ሥር ተዘረገፈ። ቀና ብለን ያየነው ያን ጊዜ ነው። ያንን ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ማን ወጥቶ ገመዱን መልሶ ያስገባዋል? ደንግጠን ከግቢው ጀርባ ረግረጉ ውስጥ ጣልነውና ሮጥን።

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሳይሰቀል ቀረ። በጃንሆይ ዘመን ይህ እንደ ቀልድ የሚታለፍ ነገር አልነበረም፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መምህር ታደሰ ራሳቸው ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ዘበኛው ቅዳሜ ዕለት የሴት ልጅ ቀሚስ ከሩቅ አይቻለሁ ስላለ፣ እኛን ስምንቱን የክፍሉን ሴቶች አስቀሩን። መምህሩ የገጠር ጭቃ ሹም ልጅ ስለነበሩ ሌባ የሚወጣበትን መንገድ ያውቃሉ፤ አውጫጭኝ። በገጠር ዕቃ ሲጠፋ አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰብና የሚያውቅ ሰው ሹክ እስኪል ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሹክ ያለው ሰው ስሙ አይወጣም፤ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚባለው። በእኛም ላይ በሩ ተዘጋ። «ጥፋተኛዋ ትባረራለች» አሉ መምህሩ፤ አንድ በአንድ ወደ ቢሯቸው እየገባን በጆሯቸው እንድንነግራቸው አዘዙ።

ጫልቱ ከእኔ በፊት ተጠራች። ስትመለስ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ነገረቻቸው፣ ስሜን ነገረቻቸው አልኩ በልቤ። ተራዬ ደርሶ ገባሁ። «አንድ ስም ደርሶኛል፤ ካንቺም ልስማ» አሉኝ፤ ትንፋሻቸው ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል። የአባቴ ቀበቶ ታየኝ። የጉቴው ሰውዬ አልታየኝም፤ ታይቶኝም ከሆነ እንዳላየሁ ሆንኩ። ጠጋ ብዬ «ጫልቱ ናት» አልኩ።

መምህሩ ቀና ብለው ብዙ አዩኝ።

«እሷም ‹እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ነበርኩ› ነው ያለችኝ» አሉ። በእጃቸው በሩን አሳዩኝ። ወፏ እኔ መሆኔንም ለማንም አልነገሩም።

ጫልቱ ደብተሮቿን በሻሽ ጠቅልላ ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቅኋት። ልነግራት ነበር፣ በእውነት ልነግራት ነበር። እሷ ግን ቀድማ እጄን ያዘች።

«ሂንሶዳቲን ብርቄ፣ አትፍሪ፤ ስምሽን አልጠራሁም» አለችኝ።

ሳልነግራት ተለያየን። ክረምቱ ሳይገባ ጉቴ ለዚያ ጎልማሳ ተዳረች።

እኔ ስምንተኛን አለፍኩ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ በጡረታም ወጣሁ። ዛሬ ልጅ ሲያጠፋ ወላጅ ይጠራል እንጂ በር አይዘጋበትም፤ ይሄ መልካም ነው። ባለፈው ዓመት ለልቅሶ ጉቴ ሄጄ ጫልቱ ቤት ገባሁ። ሁለት የልጅ ልጆቿ ብርጭቆ ሰብረው «እሷ ናት!» «አይደለም፣ እሷ ናት!» እየተባባሉ ይካሰሳሉ። ጫልቱ እስክታለቅስ ሳቀች። ትከሻዬን አቅፋ ወደ እነሱ ዞረች።

«ኢላላ፣ ተመልከቱ! የዛሬ ልጆች እንዲህ ናችሁ። እኔና ብርቄ በር ተዘግቶብን እንኳ አንዳችን አንዳችንን አሳልፈን አልሰጠንም። አይደለም እንዴ ብርቄ?»

ልጆቹ አፍጥጠው አዩኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ልነግራት ሳስብ የኖርኩት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ።

«አዎ» አልኳት።