ለዐሥር ሊሬ የሞትኩ ዕለት

የተስማማነው በዐሥር ሊሬ ነበር፤ ከተንቀሳቀስኩ ግን ባዶ እጄን እንደምመለስ አስተርጓሚው አስጠንቅቆኛል። ዘመኑ የጣሊያን ነው። ጫካ የገቡትን አርበኞች መጨረስ ያቃተው ሹም፣ ሲጨርሳቸው የሚያሳይ ፊልም ጋፋት ሜዳ ላይ ያስነሳ ነበር። እኔ የሞተ አርበኛ ሆንኩ። ፊቴን በቀይ ቀለም ለቀለቁኝ፤ ሆዴ ላይ ትኩስ የበግ አንጀት ዘርግተው ሆድ ዕቃዬ የተዘረገፈ አስመሰሉ። ዝንብ ወረረኝ፤ እኔ ግን ትንፋሼን ውጬ ተኛሁ።

በዚህ መሀል ባለቤቴ ወሬ ሰምታ ኖሮ ደረቷን እየደቃች ደረሰች።

«ወየው ጌታዬ! ለማን ጥለውኝ ሄዱ?» ብላ ላዬ ላይ ወደቀች። ፊልም የሚያነሳው ፈረንጅ ደስ ብሎት ካሜራውን ወደ እሷ አዞረ።

ከንፈሬን ሳላላውስ፣ «ዝም በይ፣ አልሞትኩም። የበግ አንጀት ነው» አልኳት።

ልቅሶዋን አቆመች። «የማን በግ?»

«እኔ ምን አውቄ! ወታደሮቹ ጠዋት ከመንደር ያመጡት ነው።»

«የኛ ሙክት ነዋ! እርስዎ እንደወጡ ከደጅ ጎትተው ወሰዱት!» አለችና እውነተኛውን ልቅሶ ያን ጊዜ ጀመረች።

አልተንቀሳቀስኩም፤ ዐሥር ሊሬዬን ተቀበልኩ። ሙክቱ ገበያ ቢወጣ ሃያ አምስት ያወጣ ነበር። ሞቼ ዐሥራ አምስት ሊሬ ከሰርኩ።