ቀዩ ሰባት ቁጥር

አጎቴን የተራራው አስጎብኚዎች «ወይ ፍንክች» ይሉታል፤ ከኋላው ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! ከተራራው ግርጌ ያለውን በር ሲጠብቅ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከወንበሩ በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ የአስጎብኚዎቹ ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ አንድ ጎናቸው ቀይ፣ ሌላው ነጭ። የሚወጣ ቀዩን ያዞራል፣ የወረደ ነጩን። አንድ ቀይ ካለ የመጨረሻው አውቶብስ አይነሳም፤ ፈላጊ ይወጣል።

ደንቡ ሁሉም የራሱን በራሱ እጅ ይገልብጥ ነው የሚለው። ግን እግሩ የዛለ ሁሉ ከመታጠፊያው ሆኖ «ገልብጥልኝ!» ብሎ ይጮሃል፣ አጎቴም ይገለብጥለታል። ያኔ ደግ ነበር፤ ቅጽል ስምም አልነበረውም።

ሰባት ቁጥር የልጁ ነበረች። አንድ ልጁ። ጎብኚዎችን ጠዋት ተራራው ላይ ወዳለው ሐይቅ ወስዳ ከሰዓት ትመልሳለች። የዚያን ቀን ግን ሦስት ጎብኚዎቿ ብቻቸውን ወረዱ።

«ካሜራዬን ምንጩ ጋ ረስቼው ልታመጣልኝ ተመለሰች» አለች አንዷ። «በዚያው በአቋራጭ ቤቴ ስለምገባ አባቴን ገልብጥልኝ በሉት ብላለች።»

ሹፌሩ ጥሩንባውን ያንባርቃል። ጉም እየወረደ ነው። አጎቴ እጁን ሰደደና ሰባት ቁጥርን ነጭ አደረጋት። አውቶብሱ ሄደ፤ እሱም በሩን ቆልፎ ቤቱ ገባ።

ባሏ ጉሙን አይቶ «አባቷ ዘንድ ታድራለች» አለ። አባቷ ደግሞ ቤቷ የገባች መስሎታል። ማን ይፈልጋት? በማግስቱ ከምንጩ በታች ካለው ገደል ስር አገኘናት። እግሯ ተሰብሯል፤ ፊሽካዋን በጥርሷ ነክሳለች። ሐኪሙ «የገደላት ብርዱ ነው፣ ቶሎ ቢደረስላት ትተርፍ ነበር» አለ፤ አጎቴ እየሰማ። ሐኪሙ ዝም ቢል ምን ነበረበት! እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

አጎቴ ከሐዘኑ በኋላ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አሁን ያነከሰም ይሁን በዝናብ የበሰበሰ፣ መጥቶ በገዛ እጁ ካልገለበጠ እሱ ወይ ፍንክች! ይሰድቡታል። ይስደቡት።

ባለፈው ሰሞን አንድ አዲስ ሹፌር ሊነሳ ሲል ሰሌዳውን አየና ሞተሩን አጠፋ።

«አባባ፣ ሰባት ቁጥር ቀይ ነው። ሰው ቀርቷል እንዴ?»

«አንተ ሂድ» አለው አጎቴ ቀና ሳይል። «ራሷ መጥታ ትገልብጠው።»