የገዥዋ ኮሚሽን

ንፋስ መውጫ ውስጥ ቤት የሚሸጥም የሚገዛም መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። እኔ ራሴ ግን እስከ አምና የኖርሁት በኪራይ ቤት ነበር።

አምና የአንድ ቄስ ቤት ሳሻሽጥ ገዥዋ ራሷ ሳትመጣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወኪል ላከች። በዋጋው ተስማማን፤ ቄሱም ኮሚሽኔን ወዲያው ከፈሉኝ። ወኪሉ ግን «ገዥዋ ለደላላ አልከፍልም ብላለች» አለኝ።

«ደላላ ከሻጭም ከገዥም ይቀበላል፤ ያገሩ ደንብ ነው» አልሁት።

«ነግሬያት ነበር። እምቢ አለች።»

«እንግዲያውስ ራሷ ትምጣና ዓይኔን እያየች እምቢ ትበለኝ።»

በውሉ ቀን ቄሱና እኔ ስንጠብቅ ከባጃጅ የወረደችው በድለላ ገቢዬ ያስተማርኋት ነርሷ ልጄ እናኑ ናት።

«ቤቱን የገዛሁት ለእርስዎ ነው፣ አባባ» አለችኝ ዓይኔን እያየች። «ከራስዎ ኮሚሽን ሊቀበሉ ነው?»