ሁለት ዛፍ

ዛሬ ጠዋት አንዲት አመልካች ጥያቄዬን መልሳ ስትጨርስ፣ «አባባ ሰላም በይልኝ ብለውኛል» አለችኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ዓሣ ሀብትንና ሕግን አጣምሮ ለሚያስተምር አዲስ የማስተርስ ፕሮግራም ቃለ መጠይቅ ላይ ነበርን። ጡረታ ብወጣም ለፈታኝነት ይጠሩኛል። ወረቀቱ ላይ የአባቷን ስም አየሁና እስክርቢቶዬን አስቀመጥሁ።

በደርግ ጊዜ አባቷና እኔ እዚሁ ከተማ አንድ ኮሌጅ ረዳት መምህራን ነበርን። ለማስተርስ ሶቪየት የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ተመረጠ። የጣናን ዓሣና የአጥማጆቹን ኑሮ አንድ ላይ አጠናለሁ ይል ነበር።

በሂስ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። «ጓዶች፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ይህ የንዑስ ከበርቴ ወላዋይነት ነው!» አልሁ።

አዳራሹ አጨበጨበ። እሱ ከጣና ማዶ ደልጊ አንደኛ ደረጃ እንዲያስተምር ተላከ፤ ሶቪየት የሄድሁት እኔ ነኝ።

(ለሶቪየት ብርድ ካፖርቱን የገዛሁት ከስብሰባው በፊት ነበር።)

«ሌላስ ምን አሉ?» አልኋት።

«አሁንስ ሁለት ዛፍ ይወጣል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብለዋል።»

ነገሩን የማያውቁት ሌሎቹ ፈታኞች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ከሁሉም ዝቅ ያለውን ነጥብ ሰጠኋት።

እናንተስ፣ በአባት የጀመራችሁትን በልጅ የጨረሳችሁ አላችሁ? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?