በቀኝ በኩል የተተረተረው ሄልሜት

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል ያገሬ ሰው። እኔ የፈራሁትም የጠላሁትም ቤቴ ውስጥ ተደርድሮ ነበር የምኖረው።

ሲያትል አጠገብ፣ ማውንትሌክ ቴራስ የገዛናት ቤት ኮሪደሯ ላይ ሰፊ ክሎዜት አላት። ሌላ ሰው ቢሆን ኮትና ጃንጥላ ያስቀምጥበታል። የኔ ባል ግን የሙታን ቆብ ሞላበት። አሮጌ የአሜሪካን ፉትቦል ሄልሜቶች ናቸው። እንደ ዛሬዎቹ ፕላስቲክ እንዳይመስሏችሁ፤ ከቆዳ የተሰፉ፣ ፊታቸው ላይ ብረት የሌላቸው፣ ጆሯቸው ጋ የተበሱ፣ ውስጣቸው በደረቀ ላብ የጠቆረ። ያደረጓቸው ሰዎች አፈር ከለበሱ ስንት ዘመናቸው። ቅርጻቸው እንዳይጠፋ ብሎ ውስጣቸውን በወረቀት ጠቅጥቆ በተርታ ደረደራቸው። መጥረጊያ ላወጣ በሩን ስከፍት ፊት የሌላቸው ራሶች ያፈጡብኛል። ሳላማትብ ከፍቼው አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ልጃችን ገና ዳዴ ሲል ነው። ባሌ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። አንድ ቅዳሜ ተሳፋሪ አድርሶ ሲመለስ የሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ አየ። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ልጆቹ በሩን ከፍተው ማንኪያውን፣ ኮቱን፣ የተኛበትን አልጋ ሳይቀር ላላፊ አግዳሚው ይሸጡታል፤ ነውር አይደለም። እሱም መሰላል ልግዛ ብሎ ገብቶ የቆዳ ሄልሜት ታቅፎ ወጣ።

"ስፌቱን እዪው" አለኝ። "በእጅ ነው የተሰፋው። አባቴ ኮርቻ ሲሰፋ ክሩን እንዲህ ነበር የሚቆልፈው።"

አባቱ ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። ባሌ የዚያን ጊዜ ፉትቦልን በዓይኑም አይቶ አያውቅ። ጨዋታው ሳይገባው ዕቃው ገባው። ከዚያማ ማን ይመልሰው፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሟች ቤት ለሟች ቤት ሲዞር ይውላል። ከወፍራም ሱፍ የተሰራ የትከሻ መከላከያ አመጣ፤ ጭኑ ላይ ቀጫጭን እንጨት የተሰፋበት የሸራ ሱሪ አመጣ፤ ሐብሐብ የሚያክል ኳስ አመጣ። አንድ ቀን ደግሞ ተጫዋቹ በጥርሱ ነክሶ አፍንጫው ላይ የሚያስረው ጥቁር የጎማ ጭንብል ይዞ ገባ። የነከሰው ሰውዬ የጥርሱ ምልክት ጎማው ላይ ተተክሏል። እሱን ካየሁ በኋላ ለብዙ ጊዜ ኮሪደሩን መብራት ሳላበራ አላልፍም ነበር።

የሲያትል እርጥበት ቆዳ ያሻግታል ብሎ አየር የሚያደርቅ ማሽን ገዛላቸው። እኔ ክረምቱን ሙሉ ሳል ሲያንገላታኝ ማሽን የገዛልኝ የለም።

"የሙት ዕቃ ቤት አይገባም" እለዋለሁ።

"አንቺ ደግሞ" ይለኛል። "ሙዚየም የሚቀመጥ ዕቃ እኮ ነው።"

"እንግዲያው ሙዚየም ውሰደው።"

ከሁሉም የሚበልጥበት፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያየው አንድ ሄልሜት ነበር። ሆስፒታል የሚያመላልሳቸው አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ነበሩ፤ እሱ እማማ ነበር የሚላቸው። ስለ አባቱ ኮርቻ ሲያጫውታቸው ደስ ብሏቸው የወንድማቸውን ሄልሜት ሰጡት። ቡናማ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከጆሮው ከፍ ብሎ፣ ስፌቱ ተተርትሮ ሁለት ጣት ያስገባል። ታሪኩንም አብረው ሰጡት፤ ምናለ እሱን እንኳ ቢያስቀሩት።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ባሌ ያቺን ሄልሜት ያወጣና ይጀምራል። የእማማ ወንድም ገና ወጣት ሳለ ሜዳ ላይ ራሱን ተመታ። ደህና ነኝ አለ። በሳምንቱ ተመልሶ ገባና እዚያው ላይ ደገመው። አልሞተም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸጉሩ እስኪሸብት ድረስ የወለደችውን እናቱን አላወቃትም። ገንፎ ስታጎርሰው "ይቺ ሴትዮ ማናት?" ይል ነበር።

እንግዶቻችን ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ባሌ ሄልሜቷን እያገላበጠ ጣቱን በቀዳዳው ያስገባል። እኔ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ወደ ኩሽና እሄዳለሁ። የእናትየዋ ነገር ነው የማያስችለኝ። ሞቶባት ቢሆን አልቅሳ ይወጣላት ነበር። በሕይወት ያለ ልጇ ፊቷን እያየ ማነሽ ሲላት እንዴት ነው የኖረችው? እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ልጃችን ሃይስኩል በገባ በመጀመሪያው መኸር "ፉትቦል ቲም ገባሁ" ብሎ መጣ።

አይሆንም አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያ ሁሉ ቆብ ቤቴ ተደርድሮ እንዴት ይሆናል እላለሁ? ባሌ ግን ቁመቱ ጨመረ። የዛሬ ሄልሜት እንደ ድሮው አይደለም፣ ዶክተር ያጠናው ነው አለኝ። ልጁም "ማም፣ ኤቭሪባዲ ፕሌይስ" አለኝ። በአማርኛ ብትለምነው በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ ነው። ሁለት ለአንድ ሆኑብኝ፤ ለእመቤቴ ሰጥቼ ዝም አልኩ።

የፈራሁት ሰኞ ቀን መጣ። ልምምድ ላይ ከአንዱ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ሰው አስነሳው፣ ደህና ነኝ አለ፣ የቀረውን ሰዓት ዳር ተቀምጦ ዋለ። እቤት እንደገባ አስመለሰው። ሳሎን ያለውን መብራት አጠፋና ሶፋው ላይ ኩርምት አለ። እራት ልሰጠው ስመጣ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ በሩ ጋ ቆሟል።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"ባሱ አመለጠኝ እንዴ?" አለኝ በእንግሊዝኛ።

ውጭው እኮ መሽቷል። ቦርሳውን ከጀርባው አወረድኩለት። ለአባቱ ስነግረው ደክሞት ነው፣ ይተኛበት አለኝ። እኔ የት ልተኛ፤ ወንበር ስቤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሲተነፍስ ሳዳምጥ ነጋ።

በማግስቱ ሲነቃ "ማም፣ አይ ኤም ፋይን" አለኝ፤ ማም ብሎ ስለጠራኝ አምላኬን አመሰገንኩ። ትምህርት ቤት ደወልኩ። የተጎዱ ተጫዋቾችን የምትከታተለዋ ሴትዮ፣ ለጥቂት ቀን እንደማታሰልፈው፣ ወደ ጨዋታ ከመመለሱ በፊት ቤት ውስጥ ያየነውን ልትጠይቀን ራሷ እንደምትደውል መልእክት ተወችልኝ። እሺ፣ እንኳን ደወለች፣ ያኔ ሁሉን እዘረግፍላታለሁ ብዬ ስልኬን ከጉያዬ ሳልለይ ሰነበትኩ።

የምሠራው ሲያትል ውስጥ ሶዶ የሚባል ሰፈር፣ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት መጋዘን ነው። ማሽኖቹ ሲጮሁ የራስህን ሐሳብ እንኳ አትሰማም። ሐሙስ ከሰዓት ለዕረፍት ስወጣ ያመለጠ ኮል አየሁ፤ የትምህርት ቤቱ ነው። መልሼ ብደውል አይነሳም። ባሌ ጋ ደወልኩ።

"ሶ፣ አንቺ ስላላነሳሽላቸው እኔ ጋ ኮል አደረጉ" አለኝ፤ ደስ ብሎታል። "ጨርሻለሁ፣ አታስቢ።"

"ምን አልካት?"

"ምን እላለሁ? ልጅህ እንዴት ነው አለችኝ፤ በጣም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት።"

"ማስመለሱንስ?"

"ሰው ስለ ልጅህ ደህንነት ሲጠይቅህ አስመለሰው ትላለህ እንዴ?"

"ቦርሳውን አዝሎ መቆሙንስ?"

"እሱማ የቤት ነገር ነው" አለኝ።

እንግዲህ ምን ልበለው። እኛ እኮ እንዲህ ነን። አባት አልጋ ላይ ወድቆ እንኳ እንዴት ናችሁ ሲሉን ደህና ነን፣ ተመስገን እንላለን። ጠያቂውም የኛው ሰው ስለሆነ አያምንም። ደግሞ ይጠይቃል፤ "በጣም ደህና? ራሱን አሞት ነበር ሲሉ ሰምቼ?" ይላል። ያኔ ነው እውነቱ ቀስ እያለ የሚወጣው። ፈረንጅ ግን አንዴ ይጠይቅሃል፤ የነገርከውን አምኖ ኦኬ ብሎ ይዘጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት እኛው ተርተን እኛው ረስተነዋል።

"ዛሬ ያሰልፉታል" አለኝ። "እየሄድኩ ነው። ያቺን ሄልሜት ለአሰልጣኙ ላሳየው ይዣታለሁ።" ተሳፋሪ ሊያወርድ ነው መሰለኝ ዘጋው።

ሽርጤን እንኳ አልፈታሁም። ለአለቃዬ ልጄ ልጄ ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም፤ ፊቴን አይታ ሂጂ አለችኝ። አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ስወጣ መንገዱ በመኪና ተቆልፏል። ዝናቡ ይወርዳል። ባሌ ጋ እደውላለሁ፣ አያነሳም። ትምህርት ቤቱ ጋ እደውላለሁ፣ ቴፕ ነው የሚያወራኝ። ጸሎት ልጀምር እልና መሃል ላይ "ይቺ ሴትዮ ማናት?" የሚለው ነገር ይመጣብኛል፤ በልጄ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ስወልደውም አልፈራሁም።

ስደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። ፓርክ ያደረግኩበትን አላውቅም። ባሌ መቀመጫው ላይ ሄልሜቷን ከጃኬቱ ሥር ሸሽጎ ቁጭ ብሏል። ልጃችን ሜዳው ዳር ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

"አስወጣው" አልኩት።

"አታሟርቺብኝ። ይኸው ቆሟል እኮ፣ ምን ሆነ?"

ከጃኬቱ ውስጥ ሄልሜቷን አወጣሁና የተተረተረውን ጎን ወደ ላይ አድርጌ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ነክቻት የማላውቃት ዕቃ ነች። "የእማማ ወንድም ሜዳ የተመለሰው ምን ብሎ ነው?" አልኩት። "ለሰው ሁሉ የምታወራው አንተ ነህ። እስቲ ለኔም አውራልኝ።"

ቀዳዳውን አየው። ከዚያ ቀና ሲል አሰልጣኙ የልጃችንን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወደ ሜዳው ሲያስገባው አየን። የባሌ ፊት አመድ መሰለ።

አጥሩን እንዴት እንደዘለለው እስካሁን አይገባኝም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። ሄልሜቷን እንደያዘ ሜዳው መሃል ገባ። ፊሽካ ተነፋ፣ ሰው ጮኸ፣ አንዳንዱም ሳቀ። ጭቃው አዳልጦት በግንባሩ ተደፋ። ተነስቶ ሄደና ልጁን በሁለት እጁ ያዘው።

"አባዬ ፕሊስ" ይላል ልጄ። እፍረቱ ሊገድለው ነው።

አሰልጣኙ እየተቆጣ መጣ። ባሌ ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር በእንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው፣ አንደበቱ ተያዘ። ደረቱ ይወጣል ይገባል። በመጨረሻ እንደምንም "ልጄ ደህና አይደለም" አላቸው። ሰው ባለበት፣ ባዕድ ፊት፣ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። አንዴ ከወጣለት በኋላ ማን ያስቁመው፤ ማስመለሱን፣ መብራቱን፣ ቦርሳውን፣ ሁሉንም ነገራቸው።

ያቺ የምትከታተለው ሴትዮ መጣችና ልጄን ዳር አስቀምጣ ትጠይቀው ጀመር። ዛሬ ጠዋት ምን እንደተማረ ጠየቀችው። ልጄ አላስታወሰም። ዓይኑን ጨፍኖ ቁም ስትለው ተንገዳገደ። ከዚያ በኋላ ጨዋታ የሚባል ነገር አላነሳችም። ሐኪሙ ጋ ስንሄድ አንጎሉ ገና እንዳላገገመ ነገረን፤ ዛሬ ቢደገም ኖሮ ብሎ ጀመረና እኔን አይቶ ተወው።

ሄልሜቷን ሜዳው ላይ ጥለናት ነበር። ባሌ በማግስቱ ሄዶ አመጣት። ሌሊቱን ሲዘንብባት አድሮ ስትደርቅ ተኮማተረች፤ መተርተሩ እስከ አናቷ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ድንኳን የሚያስጥል ሐዘን ነበር። አሁን ግን ክሎዜቱ ውስጥ ከሁሉም ፊት አድርጎ አስቀመጣት። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ አውጥቷት አያውቅም።

ልጃችን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ሰነበተ። አባቱን አኮረፈው፤ አዋረደኝ ብሎ። ባሌ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ እንዴት ነህ ይለዋል፤ "ፋይን" ይለዋል። ድሮ ቢሆን ተመስገን ብሎ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"እንዴት ነህ?"

"ፋይን።"

"ራስህንስ?"

"ፋይን።"

"ብርሃኑስ? አሁንም ዓይንህን ይወጋሃል?"

ሲገላበጥ አልጋው ተንቋቋ። አባትየው አልተነሳም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ክሎዜቱን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

"ያመኛል፣ አባዬ" አለ ልጄ። በአማርኛ ነው ያለው።

"የቱ ጋ?"

የአባቱን እጅ ይዞ ከቀኝ ጆሮው ከፍ አድርጎ አስቀመጠው መሰለኝ፤ ባሌ "እዚህ ጋ?" ሲል ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ ልጄ "እማዬን ጥራልኝ" አለው። እስኪጠራኝ አልጠበቅሁም።